እኛ ቤት የማይቆጠሩት ወንዶች

ግንቦት 14 ቀን 2016 ዓ.ም፣ አሶሳ

ዶክተሩ የያብስራን ሙቀት በቀን ሦስት ጊዜ መዝግቡ ስላለን ከትምህርት ቤት አንድ ደብተር ይዤ መጣሁ። የፊቱ ገጽ ለሙቀቱ ነው። ከኋላ ያለው ለእኔ። ሃያ አንድ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረ ሰው ባዶ ወረቀት አይቶ ዝም ማለት አይሆንለትም።

ያብስራ የታናሽ እህቴ የስርጉት ልጅ ነው። አምስት ወር ሞላው። ሁለቴ ሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል ተኝቶ ወጥቷል። አፉ ውስጥ ያለው ነጭ ነገር በመድኃኒት ይጠፋና በሳምንቱ ይመለሳል። ሲወለድ ክንዱ ላይ የተከተበው ክትባት ለሌላው ልጅ ትንሽ ጠባሳ ትቶ ሲያልፍ የእሱ እስካሁን ይመግላል። አባቱ አበጀ የሚሠራው ካማሺ ስለሆነ መንገዱ ሲፈቅድ ብቻ ይመጣል። ስለዚህ ስርጉት እኔ ቤት ገብታለች፤ እማዬም ከሰፈራ መንደሩ ተነሥታ መጥታለች። ሦስት ሴቶችና አንድ ሕፃን በሁለት ክፍል። ደስ ይላል፤ ለብቻዬ መብላት ሰልችቶኝ ነበር።

ዛሬ ዶክተር ሱለይማን እማዬን «በቤተሰቡ ውስጥ በሕፃንነቱ የሞተ ወንድ ልጅ ነበር?» ብሎ ጠየቃት።

«የለም ልጄ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ እነዚሁ ናቸው። ዕድሜ ይስጣቸው» አለችው።

እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጡት ማጥባት ሥዕል ሳነብ ነበር።

ግንቦት 17

ሙቀት 38.4። ጠዋት ክፍል ነበረኝ፣ ከሰዓት ፈተና እርማት። ሱለይማን ተማሪዬ እንደነበረ ጽፌያለሁ? ከመንጌ መጥቶ እዚህ ዘመድ ቤት እየኖረ የተማረ፣ መጨረሻ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነበር። አሁን የሕፃናት ሐኪም ሆኖም «ቲቸር» ነው የሚለኝ። ዛሬ ሰው ፊት ብድግ ብሎ ወንበሩን ሲለቅልኝ አፈርኩም፣ ኮራሁም።

ግንቦት 23

ሰውዬው ከግልገል በለስ ደወለ። የያብስራን መታመም ሰምቶ ነው አሉ። አላነሣሁም። ሕፃን በዝናብ ሞተር ላይ የሚጭን ሰው ስለ ሕፃን ጤና ምን አባቱ ያገባዋል?

ልጁ ደህና አደረ። ተመስገን።

ግንቦት 29

ለሦስተኛ ጊዜ ሆስፒታል። ኦክስጅን አድርገውለታል። ስርጉት ሁለት ቀን አልተኛችም።

ሱለይማን ኮሪደር ላይ አስቁሞኝ፣ «ቲቸር፣ የደሙ ምርመራ ላይ አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል ከሚገባው በጣም አነሰብኝ። በቤተሰቡ የሞተ ወንድ ቢኖር ጥርጣሬዬ ወዴት እንደሚሄድ አውቅ ነበር። ግን የለም አሉኝ» አለ።

አለ ማለት ነበረብኝ። «እስቲ እናያለን» ብዬው ወደ ክፍል ሄድኩ። ዛሬ ያስተማርኩት ምን ነበር? ከእናት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፍ በሽታ። የአውሮፓ ነገሥታትን ዘር በካሬና በክብ እየሣልኩ።

ሰኔ 1

ነገርኩት።

እኛ ቤት የሞተ ሕፃን አይቆጠርም። ማንም ተነሥቶ ይህ ሕግ ነው አላለንም፤ ግን እማዬ «ስንት ልጅ አለሽ» ስትባል ያሉትን ብቻ ትናገራለች። የሞተውን ከቆጠርሽ ያለውን ትጠሪበታለሽ ትላለች። በእኔና በስርጉት መካከል ሁለት ወንዶች ነበሩ። አንዱ በአምስት ወሩ፣ አንዱ በስምንት ወሩ ሄዱ። ከወሎ መጥተን የሰፈርንበት ጊዜ ነው፤ ያኔ ወባ ያልደፈረው ቤት ስላልነበረ ማንም ለይቶ የጠየቀ የለም። እኔ ሁለተኛውን አዝዬ ወንዝ ወርጃለሁ። አፉ ነጭ እንደነበረ አስታውሳለሁ።

ሱለይማን የወንድሞቼን ነገር ሲሰማ አልተቆጣም። ወረቀት ስቦ ለሴት ክብ፣ ለወንድ ካሬ ሣለ፤ ሁለቱን ካሬዎች አጠቆራቸው፤ ከታች የያብስራን ሣለ። «ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አለኝ። ምስጋና ነው ያደረገው። እኔ ግን መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ከተጠየቅንበት ቀን አሥራ ሰባት ቀን አልፏል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር።

የጠረጠረው እንዲህ ነው። ልጁ በሽታ የሚከላከልለት ሠራዊት ሳይኖረው ነው የተወለደው፤ ያንን ሠራዊት የሚያሠለጥነው አንድ ጂን ተበላሽቷል። ጂኑ ያለው በእናት በኩል ነው። ሴቶቹ ሁለት ቅጂ ስላለን አንዱ ለአንዱ ይሸፍናል፤ ወንዶቹ አንድ ብቻ ስላላቸው የሚሸፍንላቸው የለም። ካልታከመ ዓመት የሚሞላው ጥቂቱ ነው።

ሰኔ 4

ከሆስፒታል ወጣን፣ ግን በትእዛዝ። እጅ ሳይታጠብ ልጁን መንካት የለም። ጠያቂ አይገባም። ሱለይማን አዲስ አበባ ካለች ጓደኛው ጋር ተነጋግሮ ሕንድ አገር አንድ ሆስፒታል ለሚያካሂደው ጥናት ጽፏል። የልጁን መቅኔ ይወስዱና፣ ጉልበቱን በሰለቡት ቫይረስ ላይ ጤነኛውን ጂን ጭነው ሴሎቹ ውስጥ ያስገቡታል፤ ከዚያ መልሰው ለራሱ ይሰጡታል። ወጪውን ጥናቱ ይችላል። እነሱ የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው፦ የጂኑ ስህተት በማስረጃ መረጋገጡን፣ ልጁም ከኢንፌክሽን ነጻ ሆኖ መድረሱን።

እማዬ ይህንን ስሰብክላት አዳምጣ፣ «የራሱን መልሰው ነው የሚሰጡት?» አለች።

«የራሱን፣ አርመው።»

«እንዲያ ከሆነ ሌላ ሰው አይሆንብንም» አለች። በዚህ ክረምት ከሰማሁት የሳይንስ ማብራሪያ ይህን የሚያህል የለም።

ሰኔ 6

በሩን መጠበቅ የእኔ ሥራ ሆኗል። የታመመ አለመጠየቅ ነውር በሆነበት አገር ጠያቂ ከደጅ መመለስን ለጠላቴ አልመኝም። የዕድር ሰብሳቢያችን ሽማግሌ ሰው ዱላቸውን ተደግፈው መጥተው «በሽተኛ ቤት ተከለከልኩ» እያሉ ሄዱ። የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ብርቱካኑን ሰጥተውኝ ፊታቸውን አዙረው ነው የሄዱት።

ጎረቤቴ ሀምዲያ ግን አጥሩ ጋ ቆማ ሰማችኝ። ገበያ ለውዝ የምትሸጥ የበርታ ሴት ናት፤ ዐሥር ዓመት ጎረቤቴ ናት።

«ልጁ ሰው አይፈልግም፣ በሽታ ይፈራል?» አለች።

«አዎ ሀምዲያ፣ አትቀየሚኝ።»

«እኔ አይቀየምም። እኔ አይገባም። እዚያ ይቀመጣል» ብላ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የማንጎ ዛፍ አሳየችኝ። ምንጣፏን አነጠፈች። ከገበያ ስትመለስ አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጣ፣ «ስርጉት፣ ልጁ እንዴት ዋለ?» ብላ ጮክ ብላ ትጠይቃለች። ስርጉት በመስኮት ትመልሳለች። ሀምዲያ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች።

ሰኔ 9

ደሙ መላክ ነበረበት። አውሮፕላን በደመና ምክንያት ቀረ። በሰባ ሁለት ሰዓት ውስጥ ካልደረሰ ዋጋ የለውም።

ሰኔ 10

ሄደ። ሱለይማን ራሱ በረዶውን ቀይሮ አየር ማረፊያ ወስዶ የማያውቀውን መንገደኛ ለምኖ አስያዘው። መንገደኛው ዕቃውን እጭኑ ላይ አድርጎ ነው የሄደው አሉ። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም። ባለበት ይባረክ።

ሰኔ 14

ሙቀት 36.9፣ 37፣ 36.8። ክብደት ሃምሳ ግራም ጨመረ። ዛፉ ሥር ዛሬ ስድስት ሰዎች ተቆጠሩ። የዕድሩ ሰብሳቢም ወንበር አስይዘው መጥተዋል። እማዬ በመስኮት ስታያቸው አለቀሰች። እኔ ደግሞ ዝናቡ እንዳይመጣባቸው ሰማይ ሰማይ እያየሁ ዋልኩ።

ሰኔ 20

ውጤቱ መጣ። ጂኑ ላይ ስህተት አለ፤ ግን ይህ ስህተት ከዚህ በፊት በሌላ ታማሚ ላይ ተመዝግቦ አያውቅም። በሽታውን ያመጣው እሱ ይሁን ወይስ እንዲያው የቤተሰብ ምልክት እርግጠኛ አይደሉም። እርግጠኛ ካልሆኑ ልጁን አይቀበሉትም። የወንድሞቼ ሞት ደግሞ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የሐኪም ወረቀት የለውም።

ሱለይማን ቤት ድረስ መጥቶ በረንዳ ላይ ጭንብሉን አድርጎ አስረዳን። «በእናት በኩል ሌላ ሴት ብትኖር፣ ወንድ ልጅ ወልዳ በዚሁ ምልክት የሞተባት፣ የሐኪም ወረቀትም ያላት፣ ከእሷ ደም ብንልክ ይበቃቸዋል» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ቲቸር፣ እርስዎ ልጅ አለዎት?»

«ልጅ የለኝም» አልኩ።

እውነት ነው። የለኝም።

ስርጉት ጡት እያጠባች ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች።

ሰኔ 22

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማጠናከሪያ። ማርክ መሙላት። ስብሰባ። ሌላው ነገ።

ሰኔ 24

ሰውዬው እንደገና ደወለ። አላነሣሁም።

ሱለይማን የእኔም ደም ቢላክ አይጎዳም ብሎ መልእክት ልኮልኛል። ሰኞ እመጣለሁ አልኩት። የደም ሥሬ አስቸጋሪ ነው፤ ሁልጊዜም አይገኝም።

ሰኔ 26

ኩሽና ሆኜ ሰማሁ። የሳጠራ ግድግዳ ወሬ አይዝም።

እማዬ፦ «እህትሽን አትጫኛት። ቁስሏን አትነካኪ።»

ስርጉት፦ «እስከ ሰኞ እታገሣለሁ እማዬ። ከሰኞ በኋላ ለዶክተሩ እኔው እነግረዋለሁ። ትጥላኝ። ልጄ ይትረፍልኝ እንጂ ትጥላኝ።»

ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ያቺ እኔ ፀጉሯን እየሠራሁ ትምህርት ቤት የላክኋት ልጅ ናት። ሽንኩርቱን ከትፌ ጨረስኩ።

ሰኔ 28

እዚህ ያልጻፍኩትን እጽፋለሁ።

ልጄ እዩኤል ይባላል። ግልገል በለስ እያስተማርኩ በ2005 ዓ.ም ወለድኩት። አፉ ነጭ ነበር። ክንዱ ላይ ያለው የክትባት ቁስል አልዘጋ ብሎ ነበር። በሰባት ወሩ አባቱ ወንድምአገኝ ለእህቱ ሠርግ በሞተር ይዞት ሄደ፤ መንገድ ላይ ዝናብ መታቸው። በአምስተኛው ቀን በሳንባ ምች ሞተ። አንተ ገደልከው አልኩት። በቀብሩ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት አልኩት። ወር ሳይሞላኝ ዕቃዬን ጭኜ ወደ አሶሳ መጣሁ። እሱ አንድ ቀን አልተከራከረኝም።

ግንቦት ላይ ያብስራ አፉን ሲከፍት ያየሁት ዕለት ነው የገባኝ። ያኔውኑ። ሱለይማን ሳይጠይቅ፣ ደም ሳይመረመር። ለአርባ ቀን ያህል የማውቀውን ነገር አላውቅም ስል ነበር፤ ምክንያቱም እሱ አልገደለውም ማለት የኔ ደም ነው ማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት የጠላሁትን ሰው አጥቼ ማንን ልጥላ?

ዛሬ ቁርስ ላይ፣ ሦስታችንም ባለንበት፣ «እዩኤልም እንዲሁ ነበር» አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

ስርጉት ያብስራን እማዬ እጅ ላይ አስቀምጣ መጥታ እግሬ ሥር ቁጭ አለች። ጉልበቴን ያዘች። «እትዬ፣ እኔ አላስገድድሽም ነበር» አለች። ዋሸች፤ ስለዋሸችም ወደድኳት።

እማዬ፣ «ያንቺ እዩኤል» አለች። «የኔ ምስጋናው። የኔ ደመቀ። ሦስት ናቸው።» ሁለቱን ወንድሞቼን በስም ስትጠራ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ያብስራን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ የቆጠረችው ነገር እንዳይመጣበት የፈራች መስላ፣ ሲያዛጋ እስክታይ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

ሰኞን አልጠበቅኩም። ሆስፒታል ሄጄ የእዩኤልን ነገር ከነቁስሉ፣ ከነአፉ ተናገርኩ። ከድሮ ሻንጣዬ ሥር የክትባት ካርዱንና የተኛበትን ወረቀት አውጥቼ ሰጠሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱን ያስቀመጠችው ሞኝ ተመስገን። ሱለይማን አንድም ጊዜ ለምን ደበቁ አላለኝም። ከእኔ ክብ ሥር ካሬ ሣለና እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጠኝ። እኔው አጠቆርኩት። ደሜንም በአንድ መርፌ አገኙት።

ሐምሌ 9

አለብኝ። የያብስራ ስህተት ከነፊደሉ እኔ ላይ አለ። ከእዩኤል ወረቀት ጋር ሲደመር በቃቸው።

ልጁን ተቀብለውታል።

ስርጉት ስትሰማ ሳቀች፣ ከዚያ ወጥታ አስታወከች። እማዬ እልልታዋን ጀምራ ሕፃኑ ተኝቷል ብዬ አስቆምኳት። ዛፉ ሥር ላሉት ሄጄ ነገርኳቸው፤ ሀምዲያ እጄን ይዛ ብዙ ነገር በበርታ አለችኝ፤ አልገባኝም፣ አላስተረጎምኩም።

ወደ ቤት ከመግባቴ በፊት እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ወደ ግልገል በለስ ደወልኩ።

«ብዙወርቅ?» አለ። ቁጥሬን አልሰረዘም።

«በዝናቡ አይደለም» አልኩት።

«ምኑ?»

«እዩኤል። በሞተሩ አይደለም የሞተው። በደሜ ያለ ነገር ነው። ከእናቴ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሱ። ዛሬ በምርመራ ተረጋገጠ። ባትወስደውም አይተርፍም ነበር።»

ከወዲያ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

«ዝናብ ሲጥል ሞተር አልነዳም» አለ። «አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ቢሮ ሰዎች ይስቁብኛል፤ ክረምት ክረምት በጃንጥላ በእግሬ ነው የምመላለሰው።»

«ይቅር በለኝ ወንድምአገኝ።»

«አንቺም ፈልገሽ አልሰጠሽውም እኮ» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ብዙ። ባትነግሪኝም ይቻል ነበር።»

እሱ አመሰገነኝ። ይህን ለመሸከም ገና ቦታ አላገኘሁለትም።

ሐምሌ 22

ሄዱ። አበጀ ከካማሺ ከሁለት ቀን መንገድ በኋላ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደርሶ፣ ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ ነው ልጁን ያቀፈው። ሱለይማን ሙቀቱን በር ላይ ለክቶ «36.7» አለ። የሰፈሩ ሰው አየር ማረፊያው አጥር ጋ ርቆ ቆሞ ነበር፤ ማንም አልተጠጋም፣ ማንም አልጮኸም። እጃቸውን ብቻ አነሡ። ሽኝት ያለ መሳሳም አይቼ አላውቅም ነበር።

ነሐሴ 3

መቅኔውን ወሰዱ። ደህና ነው።

ነሐሴ 19

ዛሬ መልሰው ሰጡት። ስርጉት በስልክ፣ «እትዬ፣ ትንሽ ከረጢት ናት። ሻይ ጠጥተሽ ሳትጨርሺ አለቀች። ያብስራ እንቅልፉን ነው የተኛው» አለችኝ። ለዚህች ከረጢት ነው ሁላችን የተንገላታነው። ሐኪሞቹ ወራት ይፈጃል፤ ላይዝም ይችላል ብለዋል።

መስከረም 11 ቀን 2017 ዓ.ም

የአዲሶቹ ነጭ ሴሎች ቁጥር ምንም።

ጥቅምት 5

ምንም ማለት ይቻላል። እማዬ ቁጥሩን እንዳልነግራት ጠየቀችኝ፣ ከዚያ በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

ወንድምአገኝ ሳምንት ሳምንት ይደውላል። ስለ ያብስራ ብቻ ነው የምናወራው። አንዳንዴ ስለ እዩኤልም።

ኅዳር 14

ሴሎቹ መጡ። ትንሽ ናቸው፣ ግን የሉም የነበረው አሉ ሆኗል። ሱለይማን ወረቀቱን አትሞ ክፍል ውስጥ ድረስ ይዞልኝ መጣ፤ ተማሪዎቼ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አጨበጨቡለት። ሰሌዳው ላይ የኛን ቤተሰብ ሣልኩላቸው፤ ክቡንም ካሬውንም፣ የጠቆሩትንም። ስሞቹን አልጻፍኩም። አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄ የየትኛው ንጉሥ ቤተሰብ ነው?» አለች። የእኔ ነው አልኳት።

ጥር 8

ስርጉት ጠዋት ከሕንድ ደወለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

«እትዬ፣ ጉንፋን ይዞታል። አፍንጫው ይፈሳል። ተኩሶታል።»

«ሆስፒታል ውሰጂው፤ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ወሰድኩት። ዶክተሯ አየችውና ሂዱ፣ ቤታችሁ ሆኖ ራሱ ይሞክረው አለችኝ። መድኃኒት አልሰጠችውም።»

ከስልኩ ውስጥ ሲያስነጥስ ሰማሁት። ሁለቴ።

ጥር 9

38.6። ጡት እንቢ ብሏል። ክፍል ገብቼ ያስተማርኩትን አላውቀውም።

ጥር 10

37.9። ትንሽ ጠባ። እማዬ ከገሃዱ አስቀድማ ጾም ይዛለች፤ ማንም አላዘዛትም።

ጥር 12

ዛሬ ራሴው ደወልኩ። ስርጉት ለረጅም ጊዜ አላነሣችም። ስታነሣ ከኋላዋ ሳህን ሲወድቅ፣ ሕፃን ሲስቅ ይሰማል።

«ይቅርታ እትዬ፤ ሳህኑን እየወረወረ እሱን ስለቅም ነው።»

«ጉንፋኑስ?»

«የቱ?» አለች መጀመሪያ። ከዚያ እሷም ምን እንዳለች ገባት መሰለኝ። «ለቀቀው እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ትላንት ነው። እኔም ልብ ሳልለው ለቀቀው።»

እኛ ቤት ወንድ ልጅ ታሞ ራሱ ሲድን ይህ የመጀመሪያው ነው። እማዬን ልጠራት ተነሣሁና ከበሩ ላይ ቆምኩ፤ እንዴት ብዬ እንደምነግራት አላወቅኩም። ጉንፋን ይዞት ነበር፣ ዳነ አልኳት።